የማዶው ገመድ

ገመዱ ግንቡን ተሻግሮ መጣና ፊቤ እግር ሥር ወደቀ። አንስታ አሸተተችው። የሣር ሽታ አልነበረውም። ሱቅ ሱቅ ይሸታል።

«ይኸው ጨረስኩ» አለች ፀገነት ከግንቡ ወዲያ፤ ድምጿ በማስክ ታፍኗል።

ጆሃንስበርግ ሮዘተንቪል ሰፈር ውስጥ የኮሮና ሎክዳውን ከገባ ወዲህ ሁለቱ የክፍል ጓደኛሞች የሚገናኙት ግቢዎቻቸውን በሚለየው በዚሁ ግንብ ላይ ነው። ትምህርቱ በስልክ ሆኗል። የታሪክ መምህራቸው ደግሞ ለሁለት ለሁለት አድርገው፣ ጥንት ደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ይኖሩ እንደነበሩት ኢንካዎች የሣር ድልድይ እንዲሠሩ አዘዋል። እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ገመድ ይገምዳሉ፤ የሱቅ ገመድ ክልክል ነው። ነገ በቪዲዮ ድልድዩ ጡብ መሸከም አለበት፤ ካልተሸከመ ሁለቱም ዜሮ ነው።

ፊቤ ለማንም ባትናገርም ሥራውን ወዳዋለች። የሰኔ ብርድ የጆበርግን ሣር ቢጫ አድርጎታል። ውሃ ታጠጣውና በመዳፏ ወደ ቀኝ ታከረዋለች፤ ሁለቱን ክር አጣምራ ወደ ግራ ትገምደዋለች። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ይይዘዋል። እጇ ሥራውን ሲለምድ ልቧ ይሄዳል። ግቢው ገደል ይሆናል፤ ከሥር ወንዝ ይጮኻል። የኢንካ ሴቶች ዳገቱ ላይ ተቀምጠው ይገምዳሉ፤ ከጎናቸው ባለ አንድ እግር የሸክላ ድስት ይንተከተካል። ከማዶም ሌሎች ሴቶች አሉ፤ ያንኑ ድልድይ ከዚያ በኩል የጀመሩ። ከእነዚያ አንዷ ሁልጊዜ ፀገነት ነበረች።

«ፀጊ፣ ይሄ ቃጫ ነው።»

«ሣር ነው። ስለደረቀ ነው።»

«ኧረ ባክሽ። ሣሩ ሃርድዌር ቤት ነው የበቀለው?»

ፊቤ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ለመምህሩ ጽፋ ብቻዬን ልሥራ ማለት ትችላለች። መጀመሪያ ግን የውሸታሟን ፊት ማየት አማራት። የቢራ ሣጥን ገልብጣ ላዩ ላይ ወጣችና አሻግራ ተመለከተች።

ፀገነት ጓንት አድርጋ አንሶላ እያሰጣች ነበር። የኋላው ክፍል በር ዝግ ነው፤ ደጃፉ ላይ ያልተነካ ምግብ በሰሃን ተቀምጧል። ከውስጥ ረጅም ሳል ተሰማ።

«እማዬ ናት» አለች ፀገነት፣ ቀና ሳትል። «እኔ የሠራሁትን መብላት እምቢ አለችኝ። ለማንም እንዳትናገሪ፤ አከራያችን ከሰማ ያስወጣናል።» አንሶላውን ደጋግማ ጎተተችው። «ሣሩን ነክሬው ነበር። ረስቼው ሸተተ።»

ፊቤ ምላሷ ላይ ያዘጋጀችው ስድብ ነበር፤ ጥሩ ስድብ። ዋጠችውና ወረደች። ወጥ ቤት ገብታ በባለ ማንጠልጠያዋ ትንሽ ድስት የምስር ሾርባ ቀዳች። ክዳኑን አጥብቃ፣ ማንጠልጠያውን በተገዛው ቃጫ አስራ፣ ሣጥኑ ላይ ተመልሳ ወጥታ ቀስ እያለች በግንቡ ወዲያ አወረደችው።

«ቃጫሽ ለዚህ ይሆናል» አለች። «ስትጨርሱ ድስቱን እዚያው እሰሪልኝ።»

ገመዱ ከወዲያ በኩል ላላ። ፀገነት ተቀብላዋለች።

«ድልድዩስ? በግማሽ ገመድ ምን ልታሳዪ ነው?»

ፊቤ ሌላ እቅፍ ሣር ውሃ አጠጣች። በርጩማዋን ከነበረበት አንስታ ግንቡ ሥር አስቀመጠችና ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ ተቀመጠች። በልቧ ገደሉን ተሻግራለች፤ ከማዶ ሲሰሙት የወንዙ ድምፅ ሌላ ነው፤ በየመሃሉ ሳል አለበት።

የፀገነትን ድርሻ የመጀመሪያውን ክር ወደ ቀኝ ማክረር ጀመረች።