ያልተቋጠረው ላስቲክ

የአዛውንቱ የግብርና መምህር አስከሬን የተገኘው በትምህርት ቤቱ ችግኝ ጣቢያ፣ የውሃ ገንዳው ሥር ነው። ራሳቸው ከገንዳው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። አጠገባቸው ሦስት የብርቱካን ችግኞች ግንዳቸው ተሰንጥቆ ተጋድመዋል። ቀኝ ክንዳቸው ላይ የስለት ቁስል አለ፤ ቁስሉ ግን በላስቲክ ጥብጣብ ተጠምጥሟል።

መርማሪዋ ተንበርክካ ጥብጣቡን አስተዋለች። ከቁስሉ በታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን እኩሌታ ይሸፍናል። ጫፉ አልተቋጠረም፤ በመጨረሻው ዙር ሥር ሾልኮ ጠብቋል። በአንድ እጅ እንዲህ ማጥበቅ አይቻልም።

ፖሊሶቹ ግን ነገሩ ያለቀ መስሏቸዋል። ጠዋት አስከሬኑን ያገኘችው ተማሪ፣ የክፍል አለቃዋ፣ ሲደርሱባት የመምህሩን ስለት በእጇ ይዛ ነበር። በፈተና ውጤት ከእሳቸው ጋር ተጨቃጭቃ እንደነበርም ሁሉም ያውቃል። ሌላ ሰው ካልተገኘ ልጅቷ ዛሬ የምታድረው እስር ቤት ነው።

«ለምን አነሳሽው፣ ልጄ?»

«ጋሼ ስለት መሬት ላይ ከተውን ይቆጡናል። ይዝጋል ይላሉ» አለች፤ ከዚያ ፊቷን በዩኒፎርሟ እጅጌ ሸፈነች።

መርማሪዋ ስለ ጥብጣቡ ጠየቀቻት። የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር ለማዳቀል እንደሆነ ነገረቻት፤ ትምህርቱን ግን ገና አልጀመሩትም። ጋሼ ትናንት ላስቲኩን ሲቆራርጡላቸው ነበር።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ወሬው ብዙ ነው። ከሟቹ ጋር ሳይጣላ የዋለበት ቀን እንደሌለ ራሱ ተናገረ። «ማዳበሪያ ስጠኝ ይለኛል፣ ፈርም እለዋለሁ፣ ፊርማ መሬት አያለማም ይለኛል። እንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ?» እያወራ የጆንያ አፍ ያስር ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ጆንያዎች ሁሉ ደርቦ ቋጠረው። ጣቢያው ፈርሶ መማሪያ ክፍል ሊሠራበት መሆኑን የነገራትም እሱ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ተቀበላት። ትናንት ወደ ችግኞቹ እንዳልወረደ ነገራት። «እዚሁ ተምሬ እዚሁ ነው የተሾምኩት፤ ግን የታሪክ ሰው ነኝ። ከአፈር ጋር ትውውቅ የለኝም።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም በግብርና መማሪያ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የተሰነጠቁትን ችግኞች ጠረጴዛ ላይ ደረደረች፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥብጣብ ሰጠች።

«ምናልባት ይተርፋሉ። እሰሩልኝ።»

ልጅቷ እንደ ጫማ ማሰሪያ አሰረችው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ደርቦ ቋጠረው። ርዕሰ መምህሩ ጥብጣቡን ይዞ ቆየ። ከዚያ ከስንጥቁ በታች ጀመረ፤ እኩሌታውን እየሸፈነ ወጣ፤ ጫፉን በመጨረሻው ዙር ሥር አሾልኮ ሳበው።

«ክንዳቸውን የጠመጠመው ሰው እንዲሞቱ አልፈለገም» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ግን አብሯቸው ነበር። ሰው ቁስል ሲያስር ይቋጥራል። ይሄኛው ግን ችግኝ እንደሚታሰር ነው ያሰረው። የዛሬ ተማሪዎች ይህን አልደረሱበትም፤ እሳቸው በአንድ እጃቸው አይችሉም። የቀረው የድሮ ተማሪ ነው። አሁን ችግኙን ልትቋጥረው ትችል ነበር እኮ።»

«አስቤ ነበር» አለ ርዕሰ መምህሩ ችግኙን እያየ። «ቋጠሮ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል። እጄ እምቢ አለኝ።»

የቀረውን ራሱ ተናገረ። ጣቢያው እንደሚፈርስ ሊነግራቸው ወርዶ ነበር። ገንዳው አጠገብ፣ በሩ ላይ ቆመው አላሳልፍም አሉት፤ ገፋቸው። ችግኞቹ ላይ ሲወድቁ የያዙት ስለት ክንዳቸውን ቆረጣቸው። ጠመጠመላቸው። ራሳቸውን መትቷቸው እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

«ክንዳቸውን አይተው ‹አልረሳህም› አሉኝ። ደህና ነኝ፣ ሂድ አሉኝ። ሄድኩ።» ወደ ልጅቷ ቀና ሊል ሞከረ፤ አልቻለም። «ጠዋት አንቺን ሲይዙሽ ደግሞ ዝም አልኩ።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። ልጅቷ ግን ያሰረችውን ፈትታ ችግኟን ወደ ርዕሰ መምህሩ ገፋች። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ነው።

«ያሳዩኝ» አለችው። «ጋሼ እኛን ገና አላስተማሩንም።»

መርማሪዋ ለፖሊሱ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ርዕሰ መምህሩ ጥብጣቡን ከልጅቷ ተቀበለ።

«ከታች ነው የሚጀመረው» አላት።