«ደረስኩ» ያለኝ የቧንቧ ሠራተኛ

ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ፣ ወዳጄ፣ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምቼ «ለመሆኑ ያን ቀን ምን ጠጥተህ ነበር?» ብዬ እጠይቀው ነበር፤ እንዲህ ያለ ወሬ ላመጡልኝ ሰዎች ሁሉ ዕድሜዬን ሙሉ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፣ ከእግዚአብሔር በቀር የሚፈራ ነገር የለም ብለው ነው ያሳደጉን፣ እኔም ጎንደር ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ ኖሬ በክብር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሰው በሰዓቱ መግባቱን መቆጣጠር ነበርና ከጋኔን ይልቅ የሚያስቆጣኝ አርፋጅ ነው፤ ከአርፋጅም ሁሉ የከፋው ገና ከተቀመጠበት ሳይነሣ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» የሚለው ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ቁጣዬ አሁንም አልበረደም፣ ሌላውን ስሜቴን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

ኮሶዬ፣ ከደባርቁ መንገድ ገባ ብሎ፣ አባታችን የተዉልን የድንጋይና የጭቃ ቤት አለ፤ ታላቅ እኅቴ እትዬ ጥሩወርቅ የምትኖረው በዚያ ነበር። ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከመደቧ አትነሣም፣ መደቡም ከጓሮው ግድግዳ ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው። በመንደሩ መስመር ከምንጭ የሚወርደውን ውኃ በዚያው ግድግዳ ሥር አሳልፌ ወጥ ቤቷ ድረስ ያስገባሁላት እኔ ነኝ፤ መንደሩ ሁሉ «ሸጋ ሥራ!» ብሎ መርቆኝ ነበር፣ አልደብቅህም፣ ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር።

ግንቦት ውስጥ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ ከምሳ በኋላ እየተጫወትን ሳለ፣ ከግድግዳው ሥር ሰው ጉሮሮውን ሲያጥብ የሚያሰማውን የመሰለ ድምፅ ሰማን። ወጥቼ ባየው ቧንቧው ከመሬት በታች ፈንድቶ ውኃው ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር ይፈላል፣ ጭቃውን እያጠበ ይወስደዋል። ሮጬ የመስመሩን መዝጊያ ባዞረው ዝጎ ኖሮ እጀታው ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ጎረቤታችን ታከለ ጩኸቴን ሰምቶ ዶማ ይዞ መጣና ውኃውን ወደ ውጭ ለማስቀየስ ቦይ ይቀድ ጀመር፣ ውኃው ግን ቦዩን ንቆ ወደ መሠረቱ ይገባል። ወደ ውስጥ ስመለስ ከግድግዳው ላይ የጭቃ ጓል እየተላቀቀ በእኅቴ ትራስ አጠገብ ይወድቃል።

«እትዬ፣ ግድግዳው ሊናድ ነው፣ አንሥተን እናውጣሽ» አልኋት።

«በዚህ ዳሌዬ? ሁለት ሽማግሎች ልትጎትቱኝ? ግድግዳው ቢገድለኝ ይሻለኛል፣ እሱ ቢያንስ ባንድ ጊዜ ነው።»

«እኔ እንኳ ሽማግሌ አይደለሁም» አለ ታከለ ከበሩ።

«ዝም በል ታከለ፣ አንተ ፍየል መሸከም ከተውክ ስንት ዘመንህ!»

የመንደሩ ጎልማሶች ገበያ ሄደው አልተመለሱም፤ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው የለም። እንግዲህ ያለኝ መንገድ አንድ ነው፣ ቧንቧውን የዘረጋልኝን ሽመልስን መጥራት። ሽመልስ የጎንደር ልጅ ነው፣ ሥራውን ያስረከበኝ ዕለት ደረቱን ነፍቶ «ለድንገተኛ ብልሽት፣ ከተማ ይሁን ገጠር፣ ይደውሉ ብቻ፣ እንደ አምቡላንስ ነው የምደርሰው» ብሎኝ ነበር። ደወልሁ።

«አቤት ጋሼ ይርጋ!»

«ሽመልስ፣ ቧንቧው ፈንድቷል፣ ግድግዳው ሊወድቅ ነው፣ እኅቴ ከሥሩ ተኝታለች!»

«ወይኔ! ወጣሁ ጋሼ፣ ይኸው ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ።»

«የምሰማው ከበሮ ምንድን ነው?»

«የመኪናው ቴፕ ነው።»

«እልልታውስ?»

«እሱም የቴፑ ነው፣ ጋሼ።»

እመነኝ፣ ስልኩን ድንጋይ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። ነገር ግን የሰመጠ ሰው አረፋ ይጨብጣል እንዲሉ፣ ጠበቅሁት። ደግሜ ብደውል «ወለቃን አልፌያለሁ» አለኝ፣ ከበሮው እንዳለ ነው። ይህን ጊዜ ጉሙ ከገደሉ በኩል ወጥቶ ግቢውን ዋጠው፣ ታከለ ከፊቴ ቆሞ ሲቆፍር ዶማው ይሰማኛል እንጂ ሰውየው አይታየኝም። «ኮሶዬ ገብቻለሁ፣ ጉሙ ነው የያዘኝ» አለኝ በሦስተኛው። ጉም ስለመውረዱ አልነገርሁትም፤ ሆኖም የኮሶዬን ጉም የማያውቅ ጎንደሬ ስለሌለ ነገሩን አላሰብሁበትም። ከውስጥ አንድ ትልቅ የጭቃ ገጽ ተገንጥሎ ሲወድቅና እኅቴ «ማርያም!» ስትል ሰማሁ፤ ደውዬ ያለ ሰላምታ ጮኽሁበት።

«በርዎ ላይ ነኝ ጋሼ! ደረስኩ፣ ደረስኩ» ብሎ ዘጋው።

ሳይዘጋው ነው ልበል ወይስ ሲዘጋው፣ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ።

ሄጄ ከፈትሁ። ከጉም በቀር የለም። መኪና የለም፣ የሞተር ድምፅ አልሰማሁም፣ መንገደኛ ሁሉ ሲያልፍ የሚያዋርደው የታከለ ውሻ ጎተራው ሥር ገብቶ አፍንጫውን በእግሮቹ መካከል ቀብሯል። ስሙን እየጠራሁ እስከ መንገዱ ወጣሁ፣ መልስ የለም። በቁጣ ተመልሼ በሩን ስዘጋ እኅቴ ከውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ይርጌ፣ ልጁ እኮ በጓሮ ገብቶ ሥራ ጀምሯል፤ ምነው እንዲህ ትጮሃለህ?» አለችኝ።

በጓሮ በኩል ስዞር ጉሙ ሳሳ ብሎ ነበርና አየሁት። የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተንበርክኳል፣ ሁለት ክንዶቹ እስከ ትከሻው ድረስ ውኃው በሚፈላበት ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። መፍቻ የለው፣ መጋዝ የለው፣ ቦርሳ የለው። እኔም በዚያች ሰዓት የታየኝ ንዴቴ ብቻ ነበርና የሆዴን ሁሉ ዘረገፍሁበት፤ አንተ ቃል የሌለህ፣ አንዲት በሽተኛ ሴት በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ሙዚቃ እያዳመጥህ የምትንሸራሸር፣ እኔ በሥልጣን ላይ ሳለሁ እንዳንተ ያለውን አንድ ሳምንት አላቆየውም ነበር፣ አልሁት። አልዞረም። ቀረብሁና «ሰው ሲያናግርህ ዙር እንጂ!» አልሁ።

«ደረስኩ ጋሼ፣ ደረስኩ» አለኝ።

የሽመልስ ድምፅ ነው፣ አልጠራጠርም። ግን እንደ ሰው ድምፅ ከፊት ለፊት አልመጣም፤ በስልክ እንደሚሰማው ይንሿሿል፣ ይቆራረጣል፣ ከኋላውም፣ እዚያው ካፖርቱ ውስጥ፣ ከበሮው ይመታል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ታከለ ዶማውን ጥሎ «በስመ አብ ወወልድ» ሲል ስሰማ ነው እኔ ብቻ እንዳልሰማሁ ያወቅሁት። ወዲያው የውኃው መፍላት ቀጥ አለ።

«ውኃው ቆመ!» አለች እኅቴ በግድግዳው ማዶ ሆና። «ሸጋ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ! ይርጌ፣ እህል ሳይቀምስ እንዳትሰደው፣ ና ዳቦውን ውሰድለት።»

እውነቱን ልንገርህ፣ ወደ ቤት የገባሁት ለዳቦው ብዬ አይደለም፣ እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ። ዳቦውን ይዤ ስወጣ ሰው የለም። ታከለ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፣ «ሲሄድ አላየሁትም፣ አያ ይርጋ፣ ዓይኔን አላነሣሁለትም፣ ግን የለም» አለኝ። ጭቃው ላይ የእኔ ጫማና የታከለ ባዶ እግር እንጂ ሌላ ዱካ አላገኘንም።

ሽመልስ የመጣው በማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሸሚዙ ላይ ወጥ ፈስሶበት፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ይቅርታ ጋሼ፤ ትናንት ከጎንደር ወዲያ፣ ፀዳ፣ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርኩ። አልወጣሁም።»

«‹በርዎ ላይ ነኝ› ብለኸኝ!»

«እንዳይጨነቁ ብዬ እኮ ነው።»

እንዳልጨነቅ! ይህን የሚለኝ የሚናድ ግድግዳ ሥር ሰው እንደተኛ እያወቀ ነው። በል እንግዲህ ትናንት በአንተ ስም የመጣውን ሥራ ተመልከት ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድሁት። ቆፍሮ ቧንቧውን አወጣ። ምንም አልተጠገነም። ጡጫ የሚያስገባ ስብራት አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ ጠብታም የለው፣ በዚያው መስመር ላይ ያለው የታከለ ቧንቧ ግን በማዶ ግቢ ውኃውን ያንዶለዱላል። ሽመልስ ስብራቱን ሊዳስስ እጁን ሰደደና፣ ወዲያው ነጥቆ ወደ ብብቱ አስገባው። ምን እንደነካው ብጠይቀው ብለምነው አልነገረኝም።

«ጋሼ፣ ይህን የያዘው እኔ አይደለሁም፤ ያልያዝሁትን አላስለቅቅም» ብሎ አፈሩን መልሶ እየሮጠ ወጣ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትዬ «ለመዋሸት ጀግና፣ ለመሥራት ፈሪ!» ስለው ዞሮም አላየኝም።

እኅቴ ደግሞ ይባስ ብላ ተረጋግታለች። «ምን አስቸኮለህ? አልሄደም እኮ። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳው ውስጥ ሲተነፍስልኝ አደረ» አለችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ከዚያ መደብ ላይ ላወጣት ቆረጥሁ፣ ፈቀደችም አልፈቀደችም። የመንደሩ ጎልማሶች ወሬውን ሰምተው ወደ ግቢው አልጠጋ ስላሉ፣ ታከለን አደራ ብዬ ወደ ጎንደር ወረድሁ፣ ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ አነጋገርሁ፣ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጠንካራ ሰዎችና መኪና ተከራየሁ።

በምንነሣበት ጠዋት ሹፌሩ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነኝ እያለ አረፈደ። እኔ ጫማዬን አጥቼ ቤቱን ሳተራምስ ስልኬ ጮኸ፤ እኅቴ ናት፣ «የት ደረስክ?» አለችኝ፣ ድምፅዋ የፈራች መሰለኝ። እንዳትጨነቅ ብዬ፣ እመነኝ ለዚህ ብቻ ብዬ፣ «መንገድ ላይ ነኝ እትዬ፣ ደረስኩ» አልሁ። ባለቤቴ በዚያው ቅጽበት ከጓዳ «ጫማህ እኮ ከአልጋው ሥር ነው!» ብላ ጮኸች። ስልኩ ተዘጋ።

መኪናው መጥቶ ገና ከከተማ ሳንወጣ እውነቱን ልነግራት ደወልሁ። ቀስ ብላ፣ እንግዳ እንዳለባት ሰው ሹክ እያለች ነው ያነሣችው።

«ምነው ትደውላለህ፣ ይርጌ? እዚሁ ተቀምጠህ!»

«እትዬ፣ እኔ ገና ጎንደር ነኝ።»

«ተው ቀልድህን። ከግርጌዬ በርጩማው ላይ ከተቀመጥህ ስንት ሰዓትህ ነው? ምነው ወደ ግድግዳው ዞርህ ግን?»

ይህን ብላ እንደጨረሰች፣ ወዳጄ፣ ከኮሶዬ ከእኅቴ ክፍል፣ እየተቆራረጠ፣ የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ፤ «ጫማህ እኮ ከአልጋው ሥር ነው» ይላል።

እንዴት እንደደረስን አልነግርህም፣ አላስታውሰውምና። እኅቴን አገኘናት፤ በሕይወት አለች፣ ብቻዋን ናት፣ በርጩማው ከግርጌዋ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀምጧል። ሸካሚዎቹ ሲያነሷት እኔን አየችኝ፣ በርጩማውን አየችው፣ ደግሞ እኔን አየችኝ፣ «እህ» ብቻ አለች። ያመጣሁት ቧንቧ ሠራተኛ ጓሮውን አንድ ጊዜ ዞሮ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ መኪናው ውስጥ ገባ።

አሁን እኅቴ ከእኛ ጋር ናት። ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ይዣለሁ። ግድግዳው አልወደቀም፣ ከስብራቱም ጠብታ አልወጣም። ባለፈው ሳምንት ታከለ ደውሎ «አያ ይርጋ፣ ምን አጠፋሁ? ትናንት በመስኮት አይቼህ ስጠራህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክብኝ» ብሎ ወቀሰኝ።

ንዴቱ ያቃጥለኛል። በሐቅ በኖርሁበት ስሜ፣ በአባቴ ቤት፣ አንድ ውሸት ተቀምጦበታል፤ ተነሥቼ ሄጄ በአንገቱ ይዤ ላስወጣው እወዳለሁ። ታከለም «አንተው ነህ ያስገባኸው፣ ለእኔ ደውለህ ‹ከቤቱ ወጣሁ› በለኝ፣ ይወጣል» ይለኛል። ስልኬን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ቤት ቢወጣ፣ የሚመጣው ወዴት ነው?