በግልባጭ የተሰቀለው ኢላማ

«ዳዶው ከፊት ነው» አሉ አባባ ኦርቪል።

ይህን ሲሉ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ቴስ የብሎን ቁልፉን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ያለው የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ሊዘጋ ነው። ሁለቱ የብረት ኢላማዎቹን ከየአግዳሚው እያወረዱ ነበር። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ቆሙ።

አባባ ኦርቪል ሠላሳ ዓመት የድንጋይ ከሰል ቆፍረዋል። ማዕድን ማውጫው ሲዘጋ የዚህ ሜዳ ጠባቂ ሆኑ፤ ከሰል ያመላልስ የነበረውን ወፍራም የላስቲክ ቺንጋ ቆርጠው አመጡና የሜዳውን ኢላማዎች በእሱ ሰቀሉ። «ሰንሰለት ጥይት አንዴ ካገኘው ይበጠሳል» ይሉ ነበር ለተኩስ ክለቡ ልጆች። «ቺንጋ ግን ተበስቶም ይሸከማል።» ቺንጋው የሚታሰረው ከብረቱ ጀርባ ነው፤ ድቡልቡሉ የብሎን ራስ ወደ ተኳሹ፣ ብሎኑን የሚቆልፈው ዳዶ ወደ ኋላ። እንዲህ ሲሰቀል ብረቱ አንገቱን ወደፊት ይደፋል፤ ጥይቱም ተፈረካክሶ መሬት ይገባል። ቺንጋውም ብሎኑም ዓመታት ይቆያሉ። ቴስ ይህን የተማረችው በአሥር ዓመቷ ነው። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ዓርብ ከትምህርት በኋላ፣ ሽማግሌው እሷንና ጓደኛዋን ሼልቢን ጠሯቸው። የአራተኛው ኢላማ ፊት በጥይት ተበልቷል፤ ብሎኑን ፈትተው ደህናውን ፊት ወደ ተኳሹ እንዲያዞሩት አዘዟቸው። ዳዶዎቹ ዝገዋል፤ ንቅንቅ አላሉም። ሼልቢ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነበረባት።

«ከነቺንጋው አዙረን እንስቀለው በቃ» አለች።

«ቺንጋው ከፊት ይሆናል እኮ።»

«አታካብጂ! ብረት ብረት ነው።»

አዙረው ለመስቀል አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

በማግስቱ ብረቱ ፊቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ዋለ። ታነር የሚባለው የክለቡ ልጅ ከተኳሾቹ ኋላ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ፣ ላቡን ሊጠርግ መከላከያ መነጽሩን አነሳ። ከፊት ከቀረው ዳዶ ነጥሮ የተመለሰ የጥይት ፍንጣሪ ቀኝ ዓይኑን አገኘው። ዓይኑ አልተረፈም።

የክለቡ ሰዎች ሲጠይቁ ሼልቢ ቀድማ መለሰች። «ዳዶው እምቢ ሲለን ትተነው ሄድን። ጠዋት አባባ ኦርቪል አዙረውት ይሆናል።» ሁሉም ወደ ቴስ ዞሩ። ቴስም «አዎ» አለች።

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ቀድሞውንም የሰው ስም መርሳት ጀምረው ነበር።

«እጄ የሠራውን ጭንቅላቴ አያውቀውም» አሉ አሁን፣ ዳዶውን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ። «እንዲህ አድርጌ ሰቅዬ አላውቅም ልጄ። አንድ ቀን እንኳ። ግን ይኸው።»

ቴስ የብሎን ቁልፉን መሬት ላይ አኖረች።

«ምድጃ ማጥፋቴን አላምንም፤ ተነስቼ አያለሁ፣ ደግሞ ተነስቼ አያለሁ። የመኪናዬን ቁልፍ ለልጄ ሰጠኋት። እሁድ መጥታ ወደ ኦሃዮ ትወስደኛለች። የአረጋውያን ቤት አግኝታልኛለች። ‹የሰው ዓይን ካጠፋህ በኋላ ምን ትጠብቃለህ?› አለችኝ። እውነቷን ነው።»

ከመንገዱ ዳር የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። ሼልቢ የወንድሟን ፒክአፕ ይዛ ቴስን ልትወስድ መጥታለች። ቴስ ወደ መኪናው ሄደች።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለች ሼልቢ በመስኮቱ። «ነገርሻቸው እንዴ?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ተይው ታዲያ። ብትነግሪያቸው ታነር ዓይን ያበቅላል? ሜዳው እንደሆነ ኢንሹራንስ የሚሰጠው የለም፣ አለቀለት። እሳቸውም መሄዳቸው አይቀርም። እኔና አንቺ ብቻ ነን የምንቃጠለው።»

ሼልቢ ያለችው ሁሉ ልክ ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ በረደኝ።»

«ሂጂ። በእግሬ እመጣለሁ።»

«አምስት ማይል? ጀዝበሻል አንቺ!»

መኪናው ጭቃ እየረጨ ሄደ። ቴስ ስትመለስ አባባ ኦርቪል ከዛገው ዳዶ ጋር ይታገሉ ነበር።

«አባባ ኦርቪል፣ እኔና ሼልቢ ነን። ብሎኑን ሳንፈታ ከነቺንጋው አዞርነው። እርስዎ አልነኩትም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው አስፈራት።

«ደግ ልጅ ነሽ» አሉ። «እናትሽም እንዲህ ነበረች።»

«እውነቴን እኮ ነው!»

«ሽማግሌ ለማጽናናት የዋሸን እግዜር አይቀየመውም። ግን ተይ። እኔ ተቀብዬዋለሁ።»

«ዳዶዎቹን ይዩዋቸው! ዝገታቸው አልተነካም፤ ማንም አልፈታቸውም።»

«እኔም ሰንፌ ይሆናላ፣ ሳልፈታ ያዞርኩት።»

ሌላ የምታሳያቸው ነገር አልነበራትም። ብረቱን ከወዲያና ከወዲህ ይዘው አወረዱት። ከባድ ነበር። የሽማግሌው ትንፋሽ እስኪመለስ ቴስ ጠበቀች።

«እሁድ ልጅዎ በስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?»

«ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ምነው?»

«ቤትዎ እመጣለሁ። እውነቱን ለእሷ እነግራታለሁ።»

አባባ ኦርቪል ትከሻቸውን ሰበቁና ወደ አምስተኛው አግዳሚ አዘገሙ። ቴስ የብሎን ቁልፉን ከመሬት አንስታ ተከተለቻቸው።