የተፋቀው የሎንካ ምልክት

በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1939 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነው። በምሥራቅ ፊንላንድ፣ በካሬሊያ ሐይቆች ዳር የበርች ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ጨርሰዋል፤ የፊንላንድ መልእክተኞች በሞስኮ ስለ ድንበር ሲከራከሩ፣ ለጦር የደረሰ ወንድ ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ምሥራቅ እንዲወጣ ትእዛዝ ወርዷል። የሎንካ እርሻ አባወራ ታቬቲ ግን ስለ ሩሲያ ገና አላሰበም፤ የእሱ ጠላት ከሞተ ዓመታት ያለፉት፣ የሚስቱ የፊተኛ ባል አውኩስቲ ነበር።

ታቬቲ ከሰሜን የመጣ፣ ግንድ በወንዝ እየነዳ ያደገ፣ እናት አባቱም ጭብጥ መሬት ያልነበራቸው ሰው ነው፤ መበለቲቱን ሂልያን አግብቶ ሎንካ ከገባ ገና ሁለተኛ ዓመቱን መያዙ ነው። የሚይዘው መቅዘፊያና መንሽ፣ የሚጭንበት የበረዶ ጋሪ ሳይቀር፣ በቢላ የተቀረጸ አንድ ምልክት ነበረባቸው፤ ሦስት ጭረት እንደ ወፍ እግር፣ ከሥሩም አንድ አግድም መስመር። ምንነቱን ጠይቆ አያውቅም፤ የሟቹ እጅ ነው ብሎ በልቡ ቆርጧል። መኝታ ቤቱ ውስጥ በተሰቀለው የአውኩስቲ አሮጌ የጦር ጠመንጃ ሰደፍ ላይም ያው ምልክት ማታና ጠዋት ያፈጥበት ነበር።

አንድ ቀን የአገር ጠባቂው ጓድ አስር አለቃ፣ ጎረቤታቸው ኢቫሪ፣ በደጅ ሲያልፍ ጎራ አለ።

«እንደምን ዋሉ፣ እመቤት ሂልያ?» ብሎ ባርኔጣውን ካነሳ በኋላ ወደ ታቬቲ ዞረ። «አንተ የሎንካው! በሳምንቱ መጨረሻ እንወጣለን። ያችን የአውኩስቲን ጠመንጃ ሰው አስመስላት እንጂ፤ እንጨቷ እኮ ጥላሸት ሆናለች። እሱ በእሷ ስቶ አያውቅም፤ አንተ ደግሞ ላም እንዳትገድልብን!»

ሂልያ ሳቀች። ሳቋ የታቬቲን አንጀት አቃጠለው።

ጠመንጃውን አውርዶ ወደ ሳውናው፣ ወደ እንፋሎት መታጠቢያ ጎጆው፣ ወሰደው፤ ብረቱን ከእንጨቱ ለየ፤ የዘመን ቅባትና ጭስ ያጠቆረውን እንጨት በአመድ ውሃ አጠበ፤ የተሰረጎደውን ቦታ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ በጋለ ካውያ ሲጫነው፣ እንፋሎቱ እንጨቱን አሳብጦ ጉድጓዱን ሞላው። ከደረቀ በኋላ በመስተዋት ስባሪ፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ፣ በቀስታ ይፍቅ ጀመር። ከጥቁሩ ሥር ቢጫው የበርች ገላ ብቅ ሲል ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ ታቬቲ ግን የሚታየው አውኩስቲ ጉንጩን ያስደገፈበት ቦታ ነው፤ የዚያ ሰው መዳፍ ያለሰለሰው ነው። ያው መዳፍ ሂልያንም ነክቷታል፤ ይህን ባሰበ ቁጥር ደሙ ይፈላል።

ሂልያ የተልባ ዘይትና የጥድ ዝፍት አሙቃ ይዛለት መጣች።

«አደራህን፣ ምልክቷን እንዳትነካት» አለችው። «ዙሪያዋን ፋቅ።»

«ምነው፣ ትናፍቅሻለች?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም አላልኩም።»

«ታቬቲ፣ ነገር አትፈልግ። ላሞቹ ሳይታለቡ ሊመሽ ነው» ብላው ሄደች።

አደራ ማለቷ ባሰበት። ስባሪውን አጥብቆ ይዞ ፋቀ፤ ወፍ እግሩ ጠፋ፤ መስመሩም ጠፋ፤ ከጠፋም በኋላ ሰደፉ እስኪጎደጉድ ድረስ ፋቀ። ከዚያ ዘይቱን በመዳፉ እያሸ አጠጣውና፣ ሎንካ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏጨ።

ሂልያ ወተቱን ይዛ ስትመለስ ሰደፉን አገላብጣ አየች።

«የት አደረስካት?»

«ፋቅኳት። ከዛሬ ጀምሮ አውኩስቲ እዚህ ቤት የለም።»

«የምን አውኩስቲ?» ወተቱን አስቀመጠች። «የአያቴ አባት ያወጣት የሎንካ ምልክት እኮ ናት! እዚህ ቤት በገባ ዕቃ ሁሉ ላይ ትቀረጻለች። አውኩስቲም እንዳንተው አግብቶኝ የገባ ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ የሱ ነበረች፤ አንተ ስትገባ ያንተ ሆነች። አገሩ ‹የሎንካው› ሲልህ ምን መስሎህ ነው?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ማን ይነግርሃል!» ሰደፉን ወደ እሱ ገፋችው። «የፋቅከው የራስህን ነው። በል መልሰህ ቅረጻት።»

«ዘይት ጠጥቷል፤ አሁን ቢላ አይቀበልም» አለ። ውሸቱን ነበር፤ አፍሮ ነው። ምልክት በሌለው ሰደፍ ዘመተ።

በኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ፈነዳ፤ በመጋቢት አበቃ። ድንበሩ ወደ ምዕራብ ሲገፋ ሎንካ ከማዶ፣ በሩሲያ እጅ ቀረ፤ ሂልያም ላሞቿን ነድታ፣ በምዕራብ ፊንላንድ በሰው ቤት ተጠጋች። ታቬቲ በየካቲት መውደቁን ሰምታለች። ኢቫሪ አፈላልጎ ያገኛት በረዶው ሲቀልጥ ነበር፤ ከስልቻው ውስጥ ከአንገቱ የተሰበረ ሰደፍ አወጣ።

በተጎደጎደው ቦታ ላይ ሦስት ጭረትና አንድ መስመር ተቀርጾበታል፤ ጠማማ ነው፤ ከልክ በላይ ጠልቋል፤ ዘይትም አልነካውም።

«ምሽግ ውስጥ ነው የቀረጻት» አለ ኢቫሪ። «ምን እየሠራህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹የቤቴ ናት› አለኝ።»

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የክፍለ ጦሮቹን ስምና የአዲሱን ድንበር መስመር ጽፈዋል፤ ሎንካ የሚባል እርሻ ከካርታው ወጥቷል፤ በሙት ሰው ቀንቶ የራሱን ምልክት ስለ ፋቀ አባወራም የጻፈ የለም። ሂልያ ከተጠጋችበት ቤት ባለቤቶች የተልባ ዘይት ለምና፣ ነጩን ቅርጽ በመዳፏ እያሸች አጠጣችው።