በቀትር የጠራት ድምፅ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ መጥፋቱ ለእኔ ደግ ሆነ፤ ፊቴን ሳታዩ ብነግራችሁ ይቀለኛል።

የሙት መንፈስ የሚመጣው በጨለማ ይመስላችኋል? በጨለማ አይደለም። በቀትር ነው። ጥላ እግር ሥር በሚገባበት፣ ወፍ እንኳ ዝም በሚልበት ሰዓት ነው።

ድሮ ነው። በአንድ መንደር የውብዳር የምትባል አስተማሪ ነበረች። ባሏ ፈንታሁን በሳንባ በሽታ ከሞተ መንፈቅ ሆኖታል። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ወንዝ ያሻግራል፤ ግራና ቀኙ ሾላና ቀጋ ነው፣ ሰው የለበትም። ጎረቤቷ እትዬ ዘርትሁን በቀትር ብቻዋን እንዳትሻገር፣ ስሟን ቢጠሯትም በመጀመሪያው ጥሪ አቤት እንዳትል ይመክሯታል። እሷ የሳይንስ አስተማሪ ናት፤ ትስቃለች።

«ሳቂ፣ ሳቂ» ይሏታል። «ጋኔኑንም ሰሌዳ ፊት አቁመሽ ፈትኚው።»

አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወረደች። ብቻዋን ወረደች። ወንዙ ዳር ስትደርስ ምን ሰማች? ሳል ሰማች። ደረቅ ሳል፣ ሦስት ጊዜ። ያን ሳል ስንት ሌሊት አብራው ነቅታ ሰምታዋለች። ቆመች። ማንም የለም።

ከዚያ ከሾላው ጀርባ «የውብዬ» አላት።

እናንተ ብትሆኑ ዝም ትላላችሁ? እሷ አልቻለችም። እንዲህ ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነበር። «አቤት» አለች።

አቤት ካለች በኋላ መጣ። መጀመሪያ የጋቢው ጫፍ ታየ። ከዚያ እጁ። ከዚያ ፊቱ፤ ሳይታመም በፊት የነበረው ፊት። እንባዋ ወረደ። ልትነካው እጇን ስትዘረጋ ወደ ኋላ አለ። ቤቱ እንደናፈቀው፣ አብሯት መግባት እንደሚፈልግ፣ አንገቷ ላይ ያለው ነገር ግን እንዳላስጠጋው ነገራት።

«ማተብሽን ፍቺው። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፣ የውብዬ። መልሰሽ ታስሪዋለሽ።»

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ፍረዱ እንግዲህ። ስድስት ወር ባዶ አልጋ ላይ ያደረች ሴት ናት። ማተብ ደግሞ ክር ነው። አንዲት ጥቁር ክር።

ግን ያን ቃል ታውቀዋለች። ከየት? ለነፍስ አባቷ እንኳ ያልተናገረችውን ልንገራችሁ። ሐኪሞቹ ተስፋ በቆረጡ ጊዜ፣ የውብዳር ተደብቃ ጠንቋይ ቤት ሄዳ ነበር። እሷ፣ የተማረችው። ጠንቋዩ ማተቡን ፈትቶ ይምጣ፣ አድነዋለሁ አላት። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ «ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፣ መልሰህ ታስረዋለህ» ብላ ለመነችው። ፈንታሁን ትንፋሽ እያጠረው ራሱን ነቀነቀ።

«ክርስትና ስነሣ የታሰረልኝን አልፈታውም» አላት። «ብፈታው በወዲያኛው ዓለም በምን ታውቂኛለሽ?»

በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከማተቡ ጋር ተቀበረ።

ወንዙ ዳር ቀና ብላ አንገቱን አየች። ባዶ ነው።

«አንተ እሱ አይደለህም» አለች።

ድምፁ ግን የእሱ ነበር። ለመናት። ሳለ። አለቀሰባት። በስመ አብ ብላ ውሃው ውስጥ ገባች፤ ከኋላዋ በባሏ ድምፅ እያለቀሰ ስሟን ጠራ፣ ደግሞም ጠራ። ዞራ አላየችም። ፈንታሁንን የቀበረችው ያን ቀን ነው።

ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመች። ማተቧ በሁለት ቋጠሮ የታሰረ ነበር። አንዱ ተፈትቷል። ማን የፈታው ይመስላችኋል? እሱ እንደሆነ አልነካትም።

እኔ ነኝ፣ የውብዳር። በዚህች እጄ።

በቀትር ብቻችሁን አትሂዱ። እጃችሁን የሚይዝላችሁ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።