በረዶ ጨምሮ የሄደው ሌባ

«አየር ካገኙ ይሞታሉ» አለች ሂክማ።

«ካላገኙ ለማለት ነው» አላት የሰፈሩ ፖሊስ ሻዊሽ ቡርሃን፣ ብዕሩን ከደፍተሩ ላይ አንስቶ።

«አይደለም! ካገኙ!»

ሻዊሽ መነጽሩን አወለቀ። አንዱ እጀታ በክር የታሰረ ስለሆነ ማውለቁ ጊዜ ይፈጃል።

«ረጋ በይ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። ስንት ናቸው የተወሰዱት?»

«በቁጥር? ሚሊዮኖች ናቸው።»

«ሚሊዮን ሰው ከኤደን፣ ከአል-ሒስዋ ሰፈር ተወስዶ እኔ አልሰማሁም?»

«ሰው ናቸው ማን አለ?»

ሻዊሽ የጻፈውን መልሶ አነበበ። «በጨለማ ተዘግቶባቸው የነበሩ፣ ሌሊት የተወሰዱ» ይላል። በዚህ ሰፈር እንዲህ ሲባል ፖሊስ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከባሕር የወጡ የሐበሻ ልጆችና ግቢ ዘግተው የሚያግቷቸው ደላሎች። እንዲያውም የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ነበር። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

የጠፋው አንድ ጠርሙስ ነው። ውስጡ የባሕር ውሃ፤ ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት።

«ውሃ» አለ ሻዊሽ። «ቤትሽ ከባሕሩ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፣ አንቺ ውሃ ተሰረቅሁ ብለሽ መጣሽ።»

ሂክማ አለቀሰች። ሻዊሽም ኮፍያውን አደረገ።

ሻዊሽ ቡርሃን አባቱ የመናዊ፣ እናቱ የወሎ ሰው ናት። ደሴ ተወልዶ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ኤደን ገባ። ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቅ የሐበሻ ጉዳይ ሁሉ እሱ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። «ያልፈታሁት ወንጀል የለም» ይላል። መጨረሻ የፈታው የፍየል ስርቆት ነበር፤ ፍየሏም ራሷ ናት የተመለሰችው።

*

ሂክማ የባሕር ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ነው። ቤተሰቦቿ ከድሬዳዋ የመጡ ናቸው፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ብቻዋን በአንድ ግቢ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የበሯ መዝጊያ በነፋሱ እንዳይላተም ቢጫ ጀሪካን ተደግፎበታል። ሻዊሽ ሲገባ የእግሩን አውራ ጣት መታው።

«ሱብሓን አላህ! ይሄን ድንጋይ ማን አስቀመጠው?»

«ጀሪካን ነው፣ ዓሚ ቡርሃን። ይቅርታ፣ ልጥለው እያልኩ እረሳዋለሁ።»

የበረዶ ሳጥኑ ወጥ ቤቷ ጥግ ነበር፤ ዓሣ ነጋዴዎች የሚይዙት ዓይነት ሰማያዊ ሳጥን። መብራት በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሚመጣ የሂክማ ፍሪጅ ልብስ ተጣጥፎበታል። ከአሥራ ሁለት ጠርሙሶች አሥራ አንዱ በጥቁር ፕላስቲክ እንደተጠቀለሉ ተደርድረዋል። ሰባተኛው ቦታ ባዶ ነው።

«ከሁሉ መርጦ ያንን ለምን?»

«እሷን ካጣሁ ሁሉንም አጣሁ» አለች ሂክማ። «ባሕር ውስጥ ወደ ታች ሲወረድ አየሩ የሚያልቅበት ውሃ አለ። ዓሣ አይኖርበትም፣ ይሸሻል። እነዚህ ነፍሳት ግን ይኖሩበታል። እኛ ኦክስጅን እንደምንተነፍስ እነሱ ሌላ ነገር ይተነፍሳሉ። መለኪያዬ ዜሮ ያለው ሰባተኛዋን በቀዳሁበት ቦታ ብቻ ነው። ሌሎቹ ለማነጻጸሪያ ናቸው። ቅዳሜ መምህሬ በአውሮፕላን ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ይዟቸው ይሄዳል።»

«ሌላ አትቀጂም?»

«ነፋሱን አልሰሙትም? የኸሪፍ ወቅት ገብቷል። ባሕሩ እስከ መስከረም ዝግ ነው።»

ሻዊሽ አጎነበሰ። ከበረዶው አንድ አንሥቶ በመዳፉ አገላበጠ።

«መቼ ነው በረዶ የጨመርሽው?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ታዲያ ይሄ ለምን አልቀለጠም?»

ሂክማም አየች። ሳጥኑ እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ፖሊስ ሆኜ» አለ ሻዊሽ፣ «የቀረው ዕቃ እንዳይበላሽ በረዶ ጨምሮ የሚሄድ ሌባ አላጋጠመኝም።»

በሩን መረመረ። አልተሰበረም።

«ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው አለ?»

«ማንም።»

«ተጠርጣሪ» በሚለው መስመር «ማንም» ብሎ ጻፈ።

ይህን ጊዜ ከጎን ክፍል ድንቅነሽ ሩዝ በሳህን ይዛ መጣች። ድንቅነሽ አርባ ዓመቷ ነው፤ ዓሣ ቤት ታበስላለች። ሂክማን እናቷ የሞተች ዕለት ያበላቻት እሷ ናት። ዛሬ ዓይኗ አብጧል።

«ሻዊሽ፣ ሳይቀምሱማ አይሄዱም።»

«ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ሽንኩርት ነው» አለች። ከዚያ ወደ ሳጥኑ አየት አድርጋ፣ «ሌሎቹስ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው፣ እትዬ።»

«ተመስገን።»

ሻዊሽ ቆሞ በላ። ለምግብ ስስ ነው፤ የገባበትን ቅመም ሁሉ በምላሱ ይቆጥራል። ቅመሙ በእጅ ሙቀጫ የተወቀጠ ነበር።

*

መጀመሪያ የተጠራው ባሲል ነው። ከሂክማ ጋር የሚማር ልጅ ነው፤ ፀጉሩ በቅባት ያብረቀርቃል።

«ሰባተኛዋን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ለምነሃታል» አለው ሻዊሽ።

«አራት ጊዜ።»

«እንቢ አለችህ።»

«አዎ።»

«ስለዚህ ወሰድካት።»

ባሲል ሳቀ። «ያ ሻዊሽ፣ የልኬት ደፍተሯስ? ጠፍቷል?»

«መደርደሪያው ላይ ነው።»

«ያለ ደፍተሩ ያ ውሃ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሜትር ላይ እንደተቀዳ ማን ያምነኛል? እኔ ብሰርቅ ኖሮ ደፍተሩን ነበር። ውሃውን የወሰደው ሰው ትምህርት አልፈለገም። ውሃውን ነው የፈለገው።»

ሻዊሽ ይህን ልጅ ባይወደውም ያለውን ጻፈ። ከጎኑም «ብልህ፤ ፀጉሩ አይረባም» የሚል አከለ።

*

ሳሚር የጀልባ ባለቤት ነው፤ ሂክማን ይዟት የወጣው እሱ ነው። ነፋሱ ስለገባ ጀልባውን አሸዋ ላይ ጎትቶ መረቡን ይጠግናል። ዓሣው ከዓመት ዓመት ወዴት እንደሚሸሽ እንድትነግረው ብሎ ለናፍጣ እንኳ አላስከፈላትም።

ሻዊሽ ከሳጥኑ በፔርሙስ ይዞ የመጣውን በረዶ አሳየው።

«ይሄ የአንተ ነው?»

«እኛ በረዶ በመዶሻ ነው የምንሰብረው፤ ትልልቅ ነው» አለ ሳሚር። «ይሄን ያደቀቀው ሙቀጫ ነው። የሴት ሥራ ነው።»

የሻዊሽ ልብ ወደ ድንቅነሽ ሩዝ ሄደ። ገና ግን ምክንያቱ አልገባውም።

«ሰባተኛዋ ጠርሙስ የተቀዳችበትን ቦታ ታስታውሳለህ?»

ሳሚር መረቡን አስቀመጠ።

«ቦታውን አላስመረጥኳትም፤ እኔ ነኝ ሞተር ያጠፋሁት። ለሞቱት ፋቲሓ ልቀራ ብዬ። ከሁለት ዓመት በፊት ከጂቡቲ የመጣ ጀልባ እዚያ ተገልብጧል፤ ሰባ ሐበሻ ነበሩበት። እኔ አራት አወጣሁ። አራት ብቻ። ዱዓዬን እስክጨርስ ሂክማ ገመዷን ጣለች።»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ዕቃዋን ግቢ ያደረስኩ ዕለት እንዲሁ ሳወራ... አንዲት ሴት ሩዝ ትለቅም ነበር። አረብኛዋ ደኅና ነው። ‹ቀኑ መቼ ነበር?› አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ሂክማን ‹የዚያ ቦታ ውሃ የትኛው ነው?› አለቻት። ሂክማ አሳየቻት።»

ሻዊሽ ቡርሃን ኮፍያውን አወለቀ።

ድንቅነሽ ተሻገር የሚባል ታናሽ ወንድም እንዳላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሳዑዲ ነው፤ ስልኩ አይሠራም፤ ሥራ በዝቶበት ነው። እንዲህ ነው የምትለው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።

«ሳሚር» አለ ሻዊሽ፣ «እኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም።»

«ምን?»

«የሞት ወሬ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ሰው ብቻውን ሩዝ እየለቀመ አይረዳም።»

ሳሚር ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወላሂ አላወቅሁም።»

«አታውቅም። ነገ ንጋት ላይ ንጹሕ ልብስ ለብሰህ ና።»

*

ሻዊሽ ለሂክማ ያወቀውን በዚያው ምሽት ነገራት። መጀመሪያ ግን ጠየቃት።

«ቁልፍ ያለው ማንም የለም ብለሽኛል። ድንቅነሽስ?»

«እትዬ አላት፤ እሷ ሌላ ሰው ናት እንዴ?»

ሐሙስ ንጋት ላይ ሻዊሽ፣ ሂክማና ሳሚር የድንቅነሽን በር አንኳኩ። ሻዊሽ የሠርጉን ኮት ለብሷል፤ ቁልፉ አልገጥም ብሎታል። ድንቅነሽ ወዲያው ከፈተች። ሦስቱንም አየች፤ ሰዓቱን አየች፤ ኮቱን አየች። የወሎ ልጅ ናትና ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሳሚር ተንበርክኮ እንደገና ነገራት። አሁን ቀስ ብሎ፤ አራቱን ብቻ ማውጣቱን፣ ሌሎቹን መፈለጉን፣ ይቅር እንድትለው። ሻዊሽ በአማርኛ ይከተለዋል። የተናገረውን ስትሰማ ሁለተኛዋ ቢሆንም ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ገና አሁን ነው። ሂክማ አቅፋት ቆየች።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሻዊሽ ጥጉን አየ። ሳፋ ውስጥ፣ ርጥብ አሸዋና ደቃቅ በረዶ መሐል፣ በነጭ አቡጀዲ የተገነዘ ነገር ተጋድሟል። በላዩ የአንድ ወጣት ፎቶና የታጠፈ ሸሚዝ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም፣ እትዬ?» አለች ሂክማ።

«ምን ብዬ? ብትሰጪኝ ትምህርትሽ ይቀራል። ብትከለክይኝ ላኮርፍሽ ነው። ከምናኮርፍ ብዬ ሰረቅሁሽ።»

ሂክማ በእንባዋ መሐል ሳቀች።

«ከጂቡቲ፣ ከኦቦክ ወደብ ደውሎልኝ ነበር» አለች ድንቅነሽ። «‹ዛሬ ማታ እንሳፈራለን› ብሎኝ። ሳሚር ቀኑን ሲለኝ የማግስቱ ሆነ። እናታችን በስልክ ‹ቀበርሽው ወይ?› ብትለኝ ምን እላለሁ? እሱ ያለበትን ውሃ እንኳ አፈር ላልብስ ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ አልሽ፣ ‹እዚያ ታች አየር የለም፣ ሕይወት ግን አለ› አልሽ። ሁለት ዓመት ያሰቃየኝ እኮ አየሩ ነው፣ ሂክማዬ። ሰጥሞ ይሆን፣ አየር አጥቶ እንዴት ሆነ እያልኩ። አንቺ ስታወሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛሁ።»

ሂክማ አቡጀዲውን ገለጥ አድርጋ የጠርሙሷን ክዳን መረመረች። አልተነካም። ብርጭቆው እንደ ባሕሩ ሆድ ቀዝቃዛ ነበር። ድንቅነሽ ከሂክማ ሳጥን ይልቅ በደንብ ይዛታለች።

መልሳ ሸፈነችው። ወደ ድንቅነሽ ገፋችው።

«ቅበሪው።»

«እብድ ነሽ? ቅዳሜስ?»

«ቅበሪው አልኩ፣ እትዬ።»

ሁለቱ ሴቶች ጠርሙሱን ወዲያና ወዲህ ሲገፋፉ ሻዊሽ የታመመ አውራ ጣቱን ያሽ ነበር። ድንገት እጁ ቆመ።

«ሂክማ፣ ያ ጀሪካን ውስጥ ምንድን ነው?»

ሂክማ ወደ ክፍሏ ሮጠች። በጀሪካኑ ክብደት ተጣማ ተመለሰች።

«መቅጃዬ አምስት ሊትር ነው የሚያወጣው፤ ጠርሙሷ ግማሽ ሊትር። የሰባተኛዋን ትራፊ እዚህ ገለበጥኩት። ለእኔ አየር ገብቶበታል፣ አይሆነኝም። ግን ያው ነው፣ እትዬ። ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ገመድ የወጣ።»

ድንቅነሽ ቢጫውን ጀሪካን በሁለት እጇ ዳበሰችው፤ የሰው ፊት እንደሚዳበስ።

«እና ይሄን ሁሉ ቀን በር አስደግፈሽው?»

«ይቅር በይኝ።»

«ምን ይደረግ፤ እሱም ከልጅነቱ በር ላይ መቆም ይወድ ነበር» አለች።

*

ከሰዓት በኋላ የጀሪካኑን ውሃ ከሰፈሩ ረግረግ ዳር፣ ከተምር ዛፎች ሥር ቀበሩት። ሳሚር ቆፈረ። ውሃው ጉድጓዱ ላይ በተዘረጋው አቡጀዲ አልፎ አፈር ውስጥ ሲገባ ሁሉም አዩት። ሻዊሽ በልቡ ፋቲሓ ቀራ፤ ድንቅነሽ በራሷ መንገድ ጸለየች። የዓሣ ቤቱ ሴቶች ሁሉ መጥተው ነበር። ሳሚር ነፋሱ ሲያልፍ ቦታው ድረስ እንደሚወስዳት ማለላት። ሰባተኛዋ ጠርሙስ በአሥራ አንዱ እህቶቿ መሐል ቅዳሜን ትጠብቃለች።

ማታ ግቢው ውስጥ ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ ሻዊሽ ደፍተሩን አወጣ። «ተጠርጣሪ» በሚለው መስመር «ማንም» ብሎ ጽፎ ነበር። አየው፤ አልሰረዘውም። ገጹን ገለጠ። አዲሱ ገጽ የጠፋ ሰው የሚመዘገብበት ነው።

«ማንም አላስመዘገበውም አይደል?» አላት ድንቅነሽን ዝቅ ባለ ድምፅ።

ድንቅነሽ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ስም?»

«ተሻገር።»

«ዕድሜ?»

«ሃያ ሁለት። አሁን ሃያ አራት ይሆነው ነበር።»

«ሃያ ሁለት» ብሎ ጻፈ። ከገጹ ግርጌ ሁለት ቃላት ታትመዋል፤ ‹ተገኘ› እና ‹አልተገኘም›። አንዱን ማክበብ ግዴታ ነው። ብዕሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ፤ ተመለሰ። መነጽሩን አወለቀ፤ አደረገ።

«የትኛውን ላክብብ፣ ድንቅነሽ?»

ድንቅነሽ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብሰብ አደረገች።

«ምን አስቸኮለዎት፣ ሻዊሽ? ባሕሩ እንደሆነ እስከ መስከረም ዝግ ነው።»