አሸዋ ላይ የተጋደመው እንስራ

የሙዚየሙ ኃላፊ ሬሳ የተገኘው በአሮጌው ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው፤ ዛሬ ሸክላ የሚታይበት አዳራሽ ሆኗል። ጭንቅላቱ በጥንት የድንጋይ መጥረቢያ ተፈርክሷል። ደሙ ነጩ ግድግዳ ላይ ተረጭቶ፣ መሐል የቆመውን ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር አልብሶታል። የመስታወት ሣጥኖቹ ረግፈዋል።

ዘበኛው፣ የሟች እህት ባል፣ በካቴና ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ትናንት ከሟች ጋር አንገት ለአንገት ሲተናነቁ ታይተዋል። ሚስቱ ደረቱን በቡጢ ትደልቀዋለች።

«ወንድሜን በላኸው! አንተ አውሬ!»

«አልነካሁትም፤ ልጆቻችንን!»

መርማሪዋ ግን ኮሪደሩ ጥግ አሸዋ በሞላ ሣጥን ውስጥ ጋደል ያለ፣ ከስብርባሪ የተገጣጠመ ጥንታዊ እንስራ እያየች ነበር።

«ይሄ የት ነበር?»

«ጠረጴዛው ላይ» አለች አስጎብኚዋ። «ትናንት ማታ ስወጣ እዚያው ነበር። ኃላፊው ‹የሌላ ሸክላ ስባሪ ተቀላቅሎበታል፤ ይፍረስ› ብሎ ነበር። ጋሼ ስንት ዓመት የለፉበትን!»

መርማሪዋ ወደ ሽማግሌው ሸክላ ጠጋኝ ዞረች። «እርስዎስ ጋሼ?»

«ትናንት ጧት የእንስራውን አንገት አጣብቄ ቤቴ ገባሁ፤ አልተመለስኩም። ሙጫው ገና እርጥብ ነው።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ለማን ልንገር? ስንጥቁ እኔ ካላሳየሁ ለማንም አይታይም።»

ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«እንስራው እዚህ ቆሞ ቢሆን ከሥሩ ደም ያልነካው ክብ ይቀር ነበር። የለም። እንስራውም ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። እንግዲህ ከመጀመሪያው ምት በፊት ተነሥቷል። ደሙ ፈልቶ የሚገድል ሰው ዕቃ አያነሣም።»

«ወንድሜ አንሥቶት ቢሆንስ?» አለች ሚስቲቱ።

«እሱማ ይፍረስ ያለው ነው። ይሄን ያስቀመጠው ግን እርጥቡን ስንጥቅ ወደ ላይ አድርጎ፣ ክብደቱ እንዳይከፍተው በአሸዋ ደግፎታል። ስንጥቁን የሚያውቁት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ጋሼ።»

ጠጋኙ እንስራው ወዳለበት ኮሪደር ዞር ብለው አዩ።

«መስታወቱ ሲረግፍ ያገኘዋል ብዬ ፈራሁ» አሉ።

«ለሰውየውስ አልፈሩም?»

«እሱማ አፍርሰው አለኝ።»

ካቴናው ከዘበኛው እጅ ወደ ሽማግሌው እጅ ዞረ። የዘበኛው ሚስት እያለቀሰች የባሏን ክንድ ልትይዝ ተጠጋች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«መጀመሪያ ወንድምሽን እንቅበር» አላት። «የኛን ከዚያ በኋላ እናያለን።»